መነጽሩ ይቆየን፤ መጀመሪያ በሩን እንክፈት

ባደጉት አገራት የመርሳት በሽታ ላለባቸው አረጋውያን አዲስ ነገር መጥቷል። መጦሪያ ቤት እንደተቀመጡ ዓይናቸው ላይ ቪአር የሚባል ትልቅ መነጽር ይደረግላቸዋል። በውስጡ ደን፣ ሐይቅና ወፍ ያያሉ። አንዳንዶቹ ይረጋጋሉ፤ የልጅነታቸውን ማውራት የሚጀምሩም አሉ።

አንድ የእንጅባራ ወዳጄ ቪዲዮውን ልኮ «እኛ ጋ መቼ ይመጣል?» አለኝ። መልሴ ቅር ያሰኝ ይሆናል። ዘንገና ሐይቅ ከነደኑ እዚያው አጠገቡ ነው። የእኛ አረጋውያን ብዙዎቹ እግራቸው ደህና ነው። የቆለፍንባቸው እኛ ነን!

«ጃጅቷል» እንላለን። እንግዳ ሲመጣ ጓዳ እናስገባቸዋለን።

እኔም ከደሙ ንጹሕ አይደለሁም። አያቴ ፈረሰኛ ነበሩ። መርሳት ሲጀምራቸው እንዳይጠፉብን ብለን በሩን ከውጭ ቆለፍን። ቀኑን ሙሉ ይደበድቡት ነበር። አንድ ዓመት ጥር 23፣ የአገው ፈረሰኞች በዓል ዕለት፣ አንድ ጎረቤት ተቆጥቶን መንገድ ዳር በርጩማ ላይ አስቀመጥናቸው። የእኔን ስም አያውቁትም። የሚያልፈውን ፈረስ ግን «ዳማ፣ ቦራ፣ ጉራች» እያሉ አንድም ሳይስቱ ጠሩ። ያን ሌሊት በር አልተደበደበም።

ሌላም አለ። በሽታው ብዙ ጊዜ ኋላ የተለመደውን ቋንቋ አስቀድሞ ይወስዳል። አያቴ በመጨረሻ የቀራቸው አዊኛ ብቻ ነበር። ከተማ ያደግን የልጅ ልጆች ደግሞ አዊኛ አንችልም። የትኛው መነጽር ነው ይህን የሚተካው?

«የሀብታም አገር በሽታ ነው» የምትሉም ተሳስታችኋል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው እ.ኤ.አ. በ2021 በሽታው ከነበረባቸው 57 ሚሊዮን ሰዎች ከ60 በመቶ በላይ የሚኖሩት ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገራት ነው።

«ከወጡ ይጠፋሉ» ትሉ ይሆናል። የሚጠፉት ስለደበቅናቸው ነው። ጎረቤትና ባለሱቁ ካወቀ እጃቸውን ይዞ ይመልሳቸዋል። ከቤቱ አንድ ወጣት በቀን ግማሽ ሰዓት አብሯቸው ይራመድ። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎችም ቤት ለቤት ሲዞሩ ስለ ሕፃኑ እንደሚጠይቁት ሁሉ ጓዳ ስላለው አረጋዊ ይጠይቁ።

ቴክኖሎጂ ጠላ አትበሉኝ። አልጋ ለያዘው፣ የዳንግላ ክረምት ለማያስወጣው፣ የጸጥታ ችግር መንገድ ለዘጋበት መነጽሩ ይጠቅማል። እንጅባራ ዩኒቨርሲቲ ዘንገናን ቀርጾ በአዊኛ ድምፅ ቢያቀርበው ቀድሜ የማጨበጭበው እኔ ነኝ።

በተቆለፈ በር ውስጥ ግን መነጽሩም ሌላ ቁልፍ ነው።

ዛሬ ማታ ቤታችሁ ስትገቡ የጓዳውን በር እዩት። ከውጭ ነው የሚቆለፈው?