እናቶቻችን ፒያሳን ሳያዩ አይመለሱ



የምርቃት ወቅት ሲደርስ በግቢያችን በር ላይ የሚታየው ሰው ይለወጣል። ከወሎ፣ ከባሌ፣ ከጅማ፣ ከስልጤ፣ ከአፋር፣ ከጅጅጋ የተነሱ አባቶችና እናቶች፣ ታናናሽ እህትና ወንድሞች፣ አንዳንዴም አያት ሳይቀሩ ይመጣሉ። ብዙዎቹ አዲስ አበባን ሲያዩ ይህ የመጀመሪያቸው ነው። ለዚህ ጉዞ በግ የተሸጠበት ቤት አለ፤ ከጎረቤት የተበደረም አለ። ከዚያስ ምን ያያሉ? መናኸሪያውን፣ ያረፉበትን የዘመድ ቤት፣ የአዳራሹን በር፣ ፎቶ ቤቱን። በማግስቱ ሌሊት አሥር ሰዓት ላይ ተመልሰው መናኸሪያ ናቸው። ልጃቸው አራትና አምስት ዓመት የኖረበትን ከተማ ግን አላዩትም። አገር ቤት ገብተው «አዲስ አበባ እንዴት ነው?» ሲባሉ «ሰው ይበዛል» ከማለት ሌላ የሚሉት የላቸውም።

እኛ የምንለው አጭር ነው። ከምርቃቱ ማግስት ያለውን ቀን ለወላጆች እንተውላቸው፤ ያንንም ቀን ከስድስት ኪሎ እስከ ፒያሳ ባለው መንገድ ላይ፣ እያረፍን፣ በእግር እናሳልፈው። ብዙ ተማሪ ቤተሰብ ሲመጣበት ቀድሞ የሚያስበው ቦሌ ያሉትን የገበያ ሕንፃዎች ነው። ተንቀሳቃሽ ደረጃ ረግጠው የማያውቁ እናት ጫፉ ላይ ቆመው ሲያመነቱ፣ ከኋላቸው ወረፋው ሲረዝምና ሰው ሲስቅ ማየት ግን ሽርሽር አይባልም። እንጦጦ ያምራል፤ ነገር ግን መኪና ይፈልጋል፣ ጉልበቱን ለሚያመው አባትም ይከብዳል። አራዳ በደጃችን ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ የወላጆቻችን ታሪክ ያለበት ሰፈር ነው፤ ዋናው ነጥባችንም ይኸው ነው።

ሲጀመር ከግቢው መውጣት እንኳ አያስፈልግም። ስድስት ኪሎ የምንማረው ተማሪዎች በየቀኑ በአጠገቡ የምናልፈው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት በ1954 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ሆነ፤ ዛሬ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋምና ሙዚየሙ ያሉት እዚያው ውስጥ ነው። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ግራዚያኒ ላይ ቦምብ የወረወሩት በዚሁ ግቢ ነው። ከውጭ አደባባዩ ላይ የቆመው ሐውልት ከዚያ በኋላ ለተጨፈጨፈው ሕዝብ መታሰቢያ ነው። ከሕንፃው ፊት ለፊት ወደ ሰማይ የሚወጣ፣ መድረሻ የሌለው የሲሚንቶ ደረጃ አለ። ጣሊያኖች የሠሩት ነው፤ እያንዳንዱ እርከን ሙሶሊኒ በሥልጣን ላይ ለቆየበት አንድ ዓመት ነበር። ጣሊያን ሲወጣ ንጉሡ ጫፉ ላይ አንበሳ አስቀመጡበት። ለአሥር ዓመት ታናሽ ወንድም ከዚህ የተሻለ የታሪክ ትምህርት የለም፤ እርከኖቹን ራሱ ይቁጠራቸው።

ሙዚየሙ ውስጥ የኢትዮጵያ ሕዝቦች ኑሮ ከልደት እስከ ሞት በቅደም ተከተል ተዘርግቷል። እዚያ ስንገባ አንድ ነገር እንጠብቅ፤ አስጎብኚዎቹ እኛ መሆናችን ይቀራል። ለእኛ በመስታወት ውስጥ ያለ ቅርስ የሆነው ዕቃ ለእናቶቻችን እስከ ትናንት ሲገለገሉበት የኖሩት ነው። «ይኼ እንዲህ አይያዝም» ይላሉ። ይበሉ። የተማረ ልጅ ሁልጊዜ ነጋሪ፣ ወላጅ ሁልጊዜ ሰሚ በሚሆንበት የምርቃት ሰሞን ነገሩ ለአንድ ሰዓት ቢገለበጥ ደስ ይላል።

በዚሁ ተቋም ቤተ መጻሕፍት የዐረብኛ የእጅ ጽሑፎችም አሉ፤ የአገራችን ዑለማዎች የጻፏቸውና የገለበጧቸው፣ ከየመድረሳው የተሰበሰቡ። ዝርዝራቸው በጣሊያናዊው ምሁር በአሌሳንድሮ ጎሪ ተዘጋጅቶ በመጽሐፍ ታትሟል። ጽሑፎቹ የተቀመጡት ለተመራማሪ እንጂ ለሽርሽር አይደለም፤ ይገባናል። ግን ልጃቸውን ለማስመረቅ ከወሎ የመጡ፣ ዕድሜያቸውን በቂርኣት ያሳለፉ ሸኽ ይህ ሁሉ ኪታብ ልጃቸው በተማረበት ግቢ ውስጥ እንዳለ ሳያውቁ ቢመለሱ ያሳዝናል። ማኅበራችን ተቋሙን በደብዳቤ ቢጠይቅ፣ በዓመት አንድ ቀን፣ በምርቃት ሳምንት፣ ጥቂቶቹ ለእይታ ቢቀርቡ ምን ይከፋል?

አምስት ኪሎ ብሔራዊ ሙዚየም ላይ ብዙ አንቆይም። ለአፋር ልጆች ግን አንድ ቃል አለን። ድንቅነሽ የተገኘችው ኅዳር 1967 ዓ.ም. በአፋር፣ ሐዳር ነው። ስለ ሰው አፈጣጠር የምናምነው የታወቀ ነው፤ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ስለተባለው ያለውን ክርክር ለክፍል እንተወው። ዓለም ሁሉ ሊያየው የሚመጣው ነገር ከማን መሬት እንደወጣ ግን የአፋር እናት ሊሰሙ ይገባል።

ከዚያ አራት ኪሎ፣ ከዚያ የራስ መኮንን ድልድይን ተሻግሮ ፒያሳ።

ፒያሳን ስናስጎበኝ አብዛኛውን ጊዜ የምንጠራቸው የምኒልክ ሐውልት፣ የጣይቱ ሆቴልና ኬክ ቤቶቹ ናቸው። ጥሩ ናቸው። ነገር ግን አራዳ ከጣሊያን በፊት የከተማው ትልቅ ገበያ ነበረች። ገበያውንም ያቆመው በሲራራ ንግድ የሚተዳደረው ነጋዴ ነው፤ ከዚህም ነጋዴ ብዙው ሙስሊም ነበር። ከጅማ ቡና፣ ከምዕራብ የዝሆን ጥርስና ዝባድ ጭኖ በወራት መንገድ የሚመጣው ቅፍለት የሚራገፈው እዚህ ነበር። የመናውያን ትንንሽ ሱቆቻቸውን የከፈቱት፣ ከህንድ ጉጅራት የመጡት የመሐመድ አሊ ኩባንያ ሰዎች ትልቁን የንግድ ቤት ያቋቋሙት እዚሁ ነው። ጣሊያን ከተማዋን ሲይዝ የመሐመድ አሊን ኩባንያ አባረረ፤ ገበያውንም «ለአገሬው» ብሎ ወደ ምዕራብ ገፋው። መርካቶ የተስፋፋችው ያኔ ነው። እናቶቻችን ለልብስ ሸመታ የሚሄዱባት መርካቶና የቆሙባት ፒያሳ የአንድ ገበያ ሁለት ቁራጭ መሆናቸውን መንገር የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው።

የቦታ ስምም ታሪክ ይናገራል። የቤንሻንጉል ልጆች ቤተሰቦቻችሁ ሲመጡ ታክሲ ላይ «ሸጎሌ! ሸጎሌ!» እየተባለ ሲጠራ ከሰሙ ንገሯቸው፤ ስሙ የአሶሳው ገዥ የሸኽ ሆጄሌ አል ሐሰን ነው። ጉለሌ ላይ መኖሪያ ነበራቸው፤ የከተማው አፍ ስማቸውን አሳጥሮ ሰፈር አደረገው። ረዳቱ በቀን መቶ ጊዜ ይጠራቸዋል፤ ማንን እንደሚጠራ ግን አያውቅም።

የዓድዋ ድል መታሰቢያ ከየካቲት 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በማዘጋጃ ቤቱ አጠገብ ተከፍቷል፤ ቤተሰብ ይዞ የመጣ ሰው ሊያልፈው አይችልም። እዚህም የምናሳስበው አለ። የወሎ ፈረሰኞች ዓድዋ የዘመቱት በራስ ሚካኤል መሪነት ነው። የወሎ አባት ይህን ስም ሲሰሙ ትዝ የሚላቸው ግን የካቲት 23 ቀን 1888 ብቻ አይደለም። ራስ ሚካኤል ቀድሞ መሐመድ ዓሊ ነበሩ፤ የ1870ው የቦሩ ሜዳ ጉባኤና የግዳጁ ጥምቀትም አብሮ ትዝ ይላል። አስጎብኚው ይህን ላይጠቅስ ይችላል። አባት ግን ከአያታቸው የሰሙትን እዚያው አዳራሽ ውስጥ ቀስ ብለው ያወሩታል። እንስማቸው፤ ከተቻለም በስልካችን እንቅዳው። የተበደለ ሕዝብ ለአገሩ መዝመቱ ታሪኩን ያከብደዋል እንጂ አያሳንሰውም። ድሉን ስናከብር በደሉን መደበቅ አለብን የሚል ሰው ካለ አንስማማም።

ስለ አዲሱ ፒያሳም ዝም ብለን ማለፍ አንችልም። ከመጋቢት 2016 ወዲህ ዶሮ ማነቂያና ዙሪያው ፈርሶ መንገዱ ሰፍቷል፤ የእግረኛ መንገዱ ልጅ ይዞ ለሚሄድ ሰው ከድሮው በብዙ ይሻላል። ማታ መብራቱ ያምራል፤ ይህን መካድ ውሸት ነው። ነገር ግን አንዲት ደከም ያሉ እናት ተቀምጠው ሻይ በቅመም የሚጠጡባቸው፣ ዋጋቸው የማያስደነግጥ ትንንሽ ቤቶች አብረው ሄደዋል። ሰዎቹም ሄደዋል፤ ከእኛ ጋር በአንድ ሰፍ የሰገዱ ጎረቤቶች ዛሬ በከተማው ዳርቻ ናቸው። አንዳንዶቹ በኢድ ከሰዓት በኋላ በሁለትና በሦስት ታክሲ መጥተው ልጆቻቸውን በአዲሱ መንገድ ላይ ያንሸራሽራሉ፤ «እዚህ ጋ ነበር ቤታችን» እያሉ የሚያሳዩት ግን ሣር ወይም አስፋልት ነው። በገዛ ሰፈራቸው እንግዳ ሆነዋል። ከተማ ለጎብኚ ሲዋብ ነዋሪው ጎብኚ እንዳይሆን ማሰብ የሚገባው አካል ማን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን።

አሁን ወደ ተግባሩ። ቀኑን በሶላት ዙሪያ እናቅደው። ፒያሳ የሚደረሰው ለዙህር ከሆነ ኑር መስጊድ፣ እኛ በኒ የምንለው፣ ቅርብ ነው፤ የሴቶቹ መግቢያና የውዱእ ቦታ የት እንደሆነ አንድ ሰው ቀድሞ ይጣራ። ጁምዓን አንምረጥ፤ ሰዉ ብዙ፣ ጊዜውም ጠባብ ነው። ውሃና ቴምር ይያዝ። መጸዳጃ ቤት ቀላል ነገር አይደለም፤ አንድ የጉብኝት ስፍራ ውስጥ የአንዲት እህታችን አያት የተቆለፈ በር ፊት ለፊት ሃያ ደቂቃ ቆመዋል። ሰው የሚጋብዝ ስፍራ ቁልፉን የያዘውን ሰውም አብሮ ያስቀምጥ።

ምሳ የዚህ ሁሉ ፈተና ነው። የእኛ ወላጆች የሙስሊም እርድ መሆኑን ያላረጋገጡትን ሥጋ አይነኩም፤ ተማሪው ደግሞ የት እንዳለ አጥንቶ አያውቅም። ስለዚህ በልጃቸው የምርቃት ቀን፣ በግ ሸጠው የመጡ አባት፣ በየዓይነቱ በልተው ይመለሳሉ! ጾም ነው እንዴ? የሐላል ምግብ ቤቶቹን በእግር ዞሮ፣ ዋጋቸውንና ቤተሰብ የሚቀመጥበት ክፍል ያላቸውን መዝግቦ በአንድ ገጽ ማውጣት ለማኅበራችን የአንድ ቅዳሜ ሥራ ነው።

ከወንድሞች በኩል ሁለት ተቃውሞ ሰምተናል። አንዱ ሙዚየም የምስልና የሐውልት ቤት ነው የሚል ነው። አይቶ መማርና ማምለክ የተለያዩ ናቸው፤ የዑለማዎቻችን ኪታብም እዚያው ጣሪያ ሥር ነው ያለው። ሁለተኛው ገንዘብ ነው። ይህ እውነተኛ ጥያቄ ነው፤ ግን ባለ ትልቅ ፍሬም የስቱዲዮ ፎቶ ላይ የሚወጣውን ብር አስቡት። ከፎቶዎቹ አንዱ ቢቀነስ የአንድ ቤተሰብ መግቢያና ሻይ ይወጣዋል። ወላጅን ማስደሰትና ዝምድናን መቀጠል ዒባዳ መሆኑን ለእናንተ መንገር አያስፈልገንም።

የቋንቋው ነገር ይቀራል። አማርኛ የማይሰሙ እናት በአማርኛ ብቻ የሚያስረዳ ሰው ፊት ቆመው ይደክማሉ፤ ልጃቸው ደግሞ በዚያ ቀን በሰላምታና በስልክ ተወጥሯል። ስለዚህ ከሁለተኛና ከሦስተኛ ዓመት ተማሪዎች ፈቃደኞችን እንመዘግባለን። ኦሮምኛ፣ ሶማልኛ፣ አፋርኛና ስልጥኛ የምትችሉ በቅድሚያ እንፈልጋችኋለን፤ እህቶች ደግሞ ከወንድሞች እጥፍ ያስፈልጉናል፤ እናቶቹ ይበዛሉና። በሚቀጥለው ጁምዓ ከሶላት በኋላ በተለመደው ቦታ ስማችሁን ስጡ። ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ መንገዱን እኛው ራሳችን ከስድስት ኪሎ እስከ በኒ እንለካዋለን፤ ኢንሻአላህ። ጫማችሁ የሚመች ይሁን።