የእርጎና የፍሬ በረዶ በቤት ስለ መሥራት

በበጋ ቀን ልጆች ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ቀዝቃዛና ጣፋጭ ነገር መመኘታቸው የታወቀ ነው። ብዙ ወይዛዝርትም ይህን ምኞት ለመፈጸም ገንዘብ እየሰጡ ጀላቲ ወደሚሸጥበት ይልኳቸዋል። እኛ ግን ዛሬ ለቤተ ሰብ አሳዳሪዎች ልናመለክት የወደድነው፥ በየቤታችን የማይታጣው እርጎና ከገበያ የሚመጣው ፍሬ ተዋሕደው በማቀዝቀዣ በረዶ ቢሆኑ፥ ስኳሩ የተመጠነ፥ ለሰውነትም የሚስማማ መልካም መክሰስ የሚወጣቸው መሆኑን ነው።

ሥራው ቀላል ነው። ነገር ግን አንድ ብርቱ ጥንቃቄ ይሻልና፥ እርሱን አስቀድመን እንናገራለን፤ የቀረው ሁሉ የጣዕም ጉዳይ ነው።

ብዙ ሰው ብርድ ምግብን ያነጻል ብሎ ያስባል። ወተት በማቀዝቀዣ ሰንብቶ ሳይበላሽ ሲያገኘው፥ በውስጡ ያለው የበሽታ ዘር ሁሉ የሞተ ይመስለዋል። ይህ ስሕተት ነው። ብርድ ረቂቃን ተሐዋስያንን አብዛኛውን ጊዜ ያስተኛቸዋል፤ በረዶው በልጁ ሆድ ገብቶ ሲቀልጥ እነርሱም ይነቃሉ። የሚገድላቸው እሳት ነው። ስለዚህ ካልተፈላ ወተት የተሠራ እርጎ በረዶ ቢደረግ፥ በወተቱ የነበረው ሕማም ከነሕይወቱ በጣፋጭ ተሸፍኖ ለልጁ ቀረበ ማለት ነው።

በአገራችን እርጎ የሚሠራው ብዙ ጊዜ ጥሬ ወተት በወይራ በታጠነ ዕቃ ተደርጎ፥ በራሱ እስኪረጋ ድረስ አንድ ወይም ሁለት ቀን ሲቀመጥ ነው። የእናቶቻችን ጥበብ የሚናቅ አይደለም። ጢሱ በዕቃው ያደረውን ተሐዋስያን ይቀንሳል፥ መዓዛም ይሰጣል፤ የእርጎውም ኮምጣጣነት ብዙዎቹን ያደክማል። ሆኖም ሁሉን ያጠፋል ተብሎ ልጅን ያህል ነገር የሚያስይዙበት አይደለም። ከከብት የሚመጣው የነቀርሳ ዓይነትና ብሩሴሎሲስ የሚባለው ትኩሳት በጥሬ ወተት ወደ ሰው ይተላለፋሉ።

የዚህን ትኩሳት ታሪክ ማወቅ ይጠቅማል። በማልታ ደሴት የሰፈሩ የእንግሊዝ ወታደሮች ለብዙ ዘመን በሚመላለስ ትኩሳት፥ በላብና በመገጣጠሚያ ሕመም ይሠቃዩ ነበር። ዴቪድ ብሩስ የተባለ የጦር ሐኪም እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1887 ዓ.ም. የሕማሙን ተሐዋሲ ለይቶ ገለጠ፤ ከየት እንደሚመጣ ግን ሳይታወቅ 18 ዓመት አለፈ። በ1905 ዓ.ም. የደሴቲቱ ተወላጅ የሆነው ሐኪም ቴሚስቶክሊስ ዛሚት የፍየሎችን ደም ቢመረምር ምልክቱን በእነርሱ ዘንድ አገኘው። ፍየሎቹ በመልካቸው ጤነኞች ነበሩ፥ ወተታቸውም ያማረ ነበር። በ1906 ዓ.ም. ወታደሮቹ ያንን ወተት እንዳይጠጡ ሲከለከሉ ትኩሳቱ ከመካከላቸው እጅግ ቀነሰ። እንግዲህ «ላሜን አውቃታለሁ፥ ሕማም የለባትም» የምትል እመቤት፥ የማልታ ሰዎችም ስለ ፍየሎቻቸው እንዲሁ ያስቡ እንደ ነበር ልብ ታድርግ።

ወደ ሥራው እንመለስ። አንድ ሊትር ወተት በንጹሕ ድስት ጥዶ ማፍላት ነው። ወተት በደንብ ሳይፈላ አረፋው ተነሥቶ ሊገነፍል ስለሚሞክር፥ ያን ጊዜ ከእሳት ማውረድ አይገባም፤ እሳቱን ቀንሶ እያማሰሉ ጥቂት ደቂቃ ማቈየት ይገባል። አዲስ አበባን በመሰለ ደጋ ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ መሆኑን ያወቁ ሰዎች፥ ይህ አይበቃ ይሆን ብለው ይጠይቃሉ። ይበቃል፤ ፋብሪካዎች ወተትን ከበሽታ ዘር የሚያነጹት በ72 ዲግሪ ሙቀት ለ15 ሴኮንድ በማቈየት ነውና።

የፈላው ወተት ተከድኖ ይቀዝቅዝ። ጠብታውን በእጅ አንጓ ላይ ሲያደርጉት ሞቅ ብሎ የማያቃጥል ሲሆን፥ ይኸውም 43 ዲግሪ ገደማ ነው፥ ሁለት ወይም ሦስት የሾርባ ማንኪያ እርጎ ለእርሾ ይጨመርበታል። እዚህ ላይ ብዙዎች ይሳሳታሉ። ወተቱን በሚገባ አፍልተው ሲያበቁ፥ ከጥሬ ወተት የረጋ እርጎ ለእርሾነት ይጨምሩበታል፤ በእሳት የወጣው ጠላት በማንኪያ ተመልሶ ገባ ማለት ነው። የመጀመሪያው እርሾ ከፈላ ወተት ከተሠራ እርጎ፥ ወይም ከፋብሪካ ታሽጎ ከሚሸጠው ስኳር ከሌለበት እርጎ ይወሰድ፤ ከዚያ ወዲያ ቤቱ ራሱ ከሠራው እያስተረፈ መቀጠል ይችላል። ድስቱም በወፍራም ልብስ ተጠቅልሎ ሙቀት ባለበት ስፍራ ሳይነካ ከ6 እስከ 8 ሰዓት ቢያድር ይረጋል። የወይራውን መዓዛ የሚወድ ቤተ ሰብ፥ ዕቃውን በፈላ ውሃ አጥቦና አጥኖ የፈላውን ወተት በእርሱ ቢያረጋ የሚቀርበት ነገር የለም።

ስለ እርጎ ጥቅም የሚነገረው ሁሉ አይታመንም። በ1908 ዓ.ም. የኖቤል ሽልማት የተቀበለው ኤልያ ሜችኒኮፍ የረጋ ወተት ዕድሜ ያስረዝማል ብሎ አስተምሮ ነበር፤ ይህ በኋላ እንዳለው ሆኖ አልተረጋገጠም። የተረጋገጠው፥ በወተት ውስጥ ያለውን ስኳር ሆዳቸው የማይፈጭላቸው ሰዎች ከወተት ይልቅ እርጎ የሚስማማቸው መሆኑ ነው፤ የሚያረጉት ተሐዋስያን ከስኳሩ ከፊሉን ስለሚበሉላቸው ነው። እነዚህም ጠቃሚዎቹ አብዛኛዎቹ በረዶውን ታግሠው ይኖራሉ።

የረጋው እርጎ በንጹሕ ሻሽ ታስሮ በወንፊት ላይ፥ በማቀዝቀዣ ውስጥ ጥቂት ሰዓት ቢቀመጥ አጓቱ ይንጠፈጠፋል። ይህን ማድረግ የሚያስፈልገው ውሃው የበዛ እርጎ በረዶ ሲሆን እንደ ጠጠር ስለሚንኮሻኮሽ ነው። አጓቱን መድፋት ብክነት ነው፤ ለዳቦ ሊጥ ማቡኪያ ይሆናል።

ከፍሬ ወገን ለዚህ ሥራ የበሰለ ሙዝና ማንጎ ይመረጣሉ፥ ሥጋቸው ወፍራምና ጣፋጭ ነውና፤ እንጆሪም ያምርበታል። ጥሬ አናናስና ፓፓያ ግን ከእርጎ ጋር ተደባልቀው ቢቈዩ መራራ ያደርጉታል፤ በውስጣቸው ያለው ኃይል የወተቱን ገንቢ ክፍል ይፈታዋል። አናናስን አስቀድሞ ጥቂት ማብሰል ይህን ያስቀራል። ፓፓያ ግን በሚበላበት ሰዓት ከላይ ቢደረግ ይሻላል።

ለተንጠፈጠፈው እርጎ ሁለት ሙዝ ወይም አንድ ትልቅ ማንጎ አልሞ መጨመር፥ ማርም ከተፈለገ ከሁለት ማንኪያ አለማሳለፍ ነው። ብርድ ምላስን ስለሚያደነዝዝ፥ በረዶ የሆነ ነገር ከመቀዝቀዙ በፊት ከነበረው ይልቅ ጣዕሙ ያነሰ ይመስላል። ስኳር ደግሞ ውሃ ፈጥኖ እንዳይደርቅ ይከለክላልና በረዶውን ለስላሳ ያደርገዋል። ጀላቲ ሻጮች ስኳር የሚያበዙት ስለ ሁለቱ ምክንያቶች ነው። በቤት ግን ጠንከር ቢል ምን ይጎዳል? ከመቅረቡ በፊት 10 ደቂቃ ከውጭ ቢቈይ ይለሰልሳል።

ከተዋሐደ በኋላ በትንንሽ ሲኒዎች አፍ ሳይሞላ ይጨመራል፥ ውሃ በረዶ ሲሆን ያብጣልና። ጥቂት ሲጠነክር ንጹሕ እንጨት በመካከሉ ይተከላል፤ ከ4 እስከ 6 ሰዓት በኋላ ሲኒው ለብ ባለ ውሃ ቢነከር ይላቀቃል። የፈላ ውሃ አይሁን፥ ሲኒውን ይሰነጥቀዋል። ሁለተኛው መንገድ በትሪ ላይ የመጋገሪያ ወረቀት አንጥፎ፥ እርጎውን በስሱ ቀብቶ፥ የተቈራረጠ ፍሬ በትኖበት ማድረቅና እንደ ቂጣ ቈራርሶ ማቅረብ ነው። እኛ ይህን እንመርጣለን፤ ፈጥኖ ይደርቃል፥ ለእያንዳንዱም መጥኖ መስጠት ያመቻል።

የኤሌክትሪክ ኃይል በሚቋረጥበት ሰፈር የሚኖር ሰው፥ በረዶ ከሱቅ አስመጥቶ ሥራውን ሊፈጽም ይችላል። ሦስት እጅ የተሰባበረ በረዶ ከአንድ እጅ ጨው ጋር ቢደባለቅ ብርዱ ከዜሮ በታች እጅግ ይወርዳል፤ እርጎው በቆርቆሮ ዕቃ ሆኖ በመካከሉ እየተማሰለ ይጠነክራል። ናንሲ ጆንሰን የተባለች የአሜሪካ ሴት በ1843 ዓ.ም. የባለቤትነት መብት ያገኘችበት የእጅ መዘውር ጀላቲ መሥሪያ በዚህ መንገድ የሚሠራ ነበር። መብራት ጠፍቶ የቀለጠውንና ከ2 ሰዓት በላይ በቤት ሙቀት የቈየውን እርጎ ግን፥ ቢያሳዝንም፥ መልሶ በረዶ ማድረግ አይገባም።

ዓመት ላልሞላው ሕፃን ማር ከቶ አይሰጥ፤ ለትልቅ ሰው የማይጎዳ፥ ሕፃንን ግን በብርቱ የሚመርዝ ዘር ሊገኝበት ይችላልና፥ ማፍላትም አያጠፋውም። ከ4 ዓመት በታች ላለ ልጅም ጠንካራ ቍራጭ ጕሮሮ ስለሚዘጋ፥ ለስልሶ በማንኪያ ይቅረብለት።

እርጎ በማይበላበት የጾም ቀን ደግሞ በደንብ የበሰለ ሙዝ ተቈራርሶ በረዶ ከሆነ በኋላ ከጥቂት የሎሚ ጭማቂ ጋር በጁስ መፍጫ ቢፈጭ፥ ወተት ሳይነካው እንደ ቅባት ለስላሳ ይሆናል። ማንጎም ሲጨመርበት ቀለሙ ያምራል፤ ከተፈጨ በኋላ ግን ሳይቈይ ወዲያው ይበላ።