አጥንት ያነቀው የሚመስል ውሻ

በሐይቅ ከተማም ሆነ በአምባሰል ገጠር ውሻ የቤት ጠባቂና የልጆች ጓደኛ ነው። ትናንት ሲቦርቅ የዋለው ውሻ ዛሬ በድንገት ምግብ ቢተው፣ ለሃጩ ቢዝረከረክና መዋጥ ቢያቅተው «አጥንት አንቆት ይሆናል» ብላችሁ እጃችሁን ወደ አፉ አትስደዱ። የእብድ ውሻ በሽታ እንዲህም ይጀምራል። ሳትነኩት ለብቻው ዘግታችሁ ለእንስሳት ሐኪም አሳውቁ።

ልጆች ቁጣ ፈርተው ንክሻ ይደብቃሉና በእርጋታ ጠይቋቸው። የተነከሰውን ወይም ለሃጭ የነካውን ቁስል ወዲያውኑ ለ15 ደቂቃ በውኃና በሳሙና አጥባችሁ በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም ሂዱ። ምልክቱ በሰው ላይ ከታየ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለም፤ አስቀድሞ የሚሰጠው ክትባት ግን ሕይወት ያተርፋል።

በእኔ እምነት ውሻውን የሚወድ ሰው ጤነኛ ሳለ በየዓመቱ ያስከትበዋል።