ሻጋታው ቢራገፍም መርዙ ይቀራል

ዛሬ ላነሳ የፈለግሁት የበርበሬን ጉዳይ ነው።

ዘመድ ከኢትዮጵያ በሻንጣ ያመጣልን ዛላ በርበሬ ሲቀነጠስ አንዳንዱ ውስጡ ግራጫ ወይም አረንጓዴ ሻጋታ ይዞ ይገኛል። ታዲያ ምን እናደርጋለን? አራግፈን ፀሐይ ላይ እናሰጣዋለን፣ ከዚያ ከደህናው ጋር ይፈጫል። የእግዜርን በረከት መጣል ነውር ነው ተብለን ነው ያደግነው፤ ክፉ ቀን ያየ ሰው እፍኝ በርበሬ ለመጣል እጁ አይታዘዝለትም። ይህንን ልማድ አልንቅም። እዚህ ላይ ግን አያዋጣንም።

ሻጋታ ማለት ላዩ ላይ የምናየው ዱቄት ብቻ አይደለም፤ ክሩ ወደ ፍሬው ውስጥ ይገባል። አስፐርጊለስ የሚባለው ሻጋታ አፍላቶክሲን የተባለውን መርዝ የሚሠራው በራሱ ሴል ውስጥ ነው። ለሥራው የሚያስፈልጉት ፕሮቲኖች በዓይን በማይታዩ ትንንሽ ከረጢቶች ተጭነው በሴሉ ውስጥ ይጓጓዛሉ። የመርዙ የመጨረሻ ሥራ የሚያልቀው እዚያው ከረጢቱ ውስጥ ነው፤ ከዚያ ከረጢቱ ከሴሉ ሽፋን ጋር ይጣበቅና መርዙን ወደ ውጭ ያፈሰዋል። ወደ ውጭ ማለት ወደ ምግባችን ነው። ስለዚህ ሻጋታው ቢራገፍ መርዙ አብሮት አይራገፍም። ቢቆላም ቢቀቀልም ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። ቀምሶ መለየትም አይቻልም።

የስንዴ ዋግን የምታውቁ ገበሬዎች ነበራችሁ። ዋግም ሥራው በፕሮቲን ነው፤ ፕሮቲኑን ወደ ስንዴው ሴል እየላከ መከላከያውን ያደክመዋል።

ታዲያ ሳይንቲስቶቹ የከረጢቶቹን መንገድ ለምን አይዘጉትም ትሉ ይሆናል። በአሜሪካ የሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሞክረውት፣ ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2009 አሳትመዋል። ከረጢቶቹ ወደ ሴሉ ጓዳ እንዳይገቡ ሲከለክሏቸው ከረጢቶቹ ተከማቹ፣ መርዙም ጭራሽ ጨመረ! ጥናቱ ትልቅ ነገር ነው፤ የትኛው በር ቢዘጋ እንደሚሻል የሚታወቀው እንዲህ ተሞክሮ ነውና። የኛ ማዕድ ግን እሱን ሊጠብቅ አይችልም።

እ.ኤ.አ. በ2004 በምሥራቅ ኬንያ የሻገተ በቆሎ የበሉ 317 ሰዎች ታመው 125ቱ ሞተዋል። እሱ መርዙ በአንድ ጊዜ በብዛት ሲበላ ነው። በትንሽ በትንሹ ለዓመታት ሲበላ ደግሞ የጉበት ካንሰር ያመጣል። የጉበት ቫይረስ፣ ሄፓታይተስ ቢ የሚባለው፣ ያለበት ሰው ላይ አደጋው በብዙ እጥፍ ይጨምራል። ይህ ቫይረስ ደግሞ ኢትዮጵያ ተወልደን በመጣነው ዘንድ ከሌላው እስራኤላዊ ይበልጥ ይገኛል።

ይህን ስጽፍ አንዳንዶቻችሁ ቅር እንደሚላችሁ አውቃለሁ። የሰጠነው ደም በድብቅ ሲጣል እንደነበር እ.ኤ.አ. በ1996 ከታወቀ ወዲህ፣ ስለ በሽታችን ሲወራ «ደግሞ ሊያሰድቡን ነው» እንላለን። ያለ ምክንያትም አይደለም። ግን ሌላው እስኪያወራልን ከምንጠብቅ እኛው ብናነሳው አይሻልም? በአዲስ አበባ ገበያ በሚሸጥ በርበሬና ሽሮ ውስጥ ይህ መርዝ መገኘቱን ከ1990ዎቹ ጀምሮ የጻፉት እኮ የራሳቸው የኢትዮጵያ ተመራማሪዎች ናቸው።

ችግሩ የሚጀምረው ገና ከማሳው ነው። በርበሬው በደንብ ሳይደርቅ መሬት ላይ ይሰጣል፤ እንዳይሰባበር፣ ሚዛንም እንዲያነሳ ውሃ የሚረጭበት ነጋዴ አለ። እሱን ከዚህ ሆነን አናስተካክለውም። እጃችን ላይ ያለው ሌላ ነው። በየከተማችን በርበሬና ሽሮ የሚሸጡልን ሱቆች የኛው ልጆች ናቸው፤ ሽማግሌ ሲጠይቃቸው ያፍራሉ። ለሰርግና ለተዝካር በብዙ ኪሎ የሚገዛ ሰው «ይህ በርበሬ ለአፍላቶክሲን ተመርምሯል ወይ? ወረቀቱን አሳየኝ» ይበል። የተፈጨ ከመግዛት ዛላውን ገዝቶ፣ ቀንጥሶ፣ ውስጡን አይቶ ማስፈጨት ይሻላል። የሻገተው ይጣል። ቤት ውስጥም እርጥበት ያለው በርበሬ በፌስታል ታስሮ አይቀመጥ።

የሄፓታይተስ ቢ ምርመራ ያላደረገ ሰው ደግሞ ኩፓት ሆሊም ሄዶ የቤተሰብ ሐኪሙን ይጠይቅ፤ የደም ምርመራ ነው። ነጋዴው ምርመራው ዋጋ ያስወድዳል ሊል ይችላል። በኪሎ ጥቂት ሸቀል ይጨምር ይሆናል፤ ይጨምር።