ሳይካሱን አትንቀሉት፤ ግን እወቁት

ዛሬ ስለ ግፊትም ስለ ስኳርም አላወራችሁም። የማወራው ብዙዎቻችን በር ላይ ስለተተከለ አንድ ተክል ነው።

ባለፈው ክረምት ዲዩቲ ላይ ሆኜ አንዲት እናት የሦስት ዓመት ልጇን ታቅፋ መጣች። ከሰዓት ጀምሮ ያስመልሰዋል፣ ዓይኑ ሁሉ ፈዟል። "ምን በላ?" አልኳት። "እኛ የበላነውን" አለችኝ። ደጋግሜ ስጠይቃት፣ ግቢ ሲጫወት ቀይ ፍሬ ሲያኝክ አያቱ አይተው ከአፉ እንዳወጡለት ትዝ አላት። "የምን ፍሬ?" "የዘንባባው።"

ዘንባባ ስትለኝ እኔም አልደነገጥኩም። አባትየው ቤት ደውሎ ፎቶ ሲያስልክ ግን ሳይካስ ሆኖ ተገኘ። እውነቱን ልንገራችሁ፦ ስለዚህ ተክል በሕክምና ትምህርቴ አንድም ቀን የተማርኩ አይመስለኝም። እዚያው ቆሜ በስልኬ ነው ያነበብኩት። ልጁ ግሉኮስ ተሰጠው፣ የጉበት ምርመራውን ደጋገምነው፣ በሦስተኛው ቀን ደህና ሆኖ ወጣ።

ሲወጡ አያቱ የጠየቁኝ ጥያቄ ግን እስካሁን ከአእምሮዬ አልወጣም። "ልጄ፣ ስንት ዓመት አብሮን የኖረ ተክል ዛሬ እንዴት መርዝ ይሆናል?"

መልሱ ይኸው። ሳይካስ ቅጠሉ ዘንባባ ይምሰል እንጂ ዘንባባ አይደለም። ለሆሳዕና ልጆች ቀለበት ከሚሠሩበት ተክል ጋር ዝምድና የለውም። ከዳይኖሰሮች ዘመን ጀምሮ የቆየ ዘር ሲሆን፣ በየግቢው የምናየው ዓይነት የትውልድ አገሩ ደቡባዊ ጃፓን ነው። ሰው የሚወደው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ሁሌም አረንጓዴ ነው፣ ብዙ ውሃ አይፈልግም፣ በሳክሲያም በመሬትም ይኖራል። ደግሞ በጣም ቀስ ብሎ ነው የሚያድገው። ሲገዙት ፍሬ የለውም፤ ፍሬ የሚይዘው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው፣ እሱም ሴቴው ብቻ። ያኔ መሃል አናቱ ላይ ብርቱካናማ ቀይ፣ ልጅ ዓይን ውስጥ የሚገቡ ፍሬዎች ይደረደራሉ። ማለትም አደጋው ጎልቶ የሚመጣው ሁላችንም ተክሉን ለምደን ማየት ካቆምን በኋላ ነው።

ቅጠሉም ግንዱም ሥሩም መርዝ አለው፤ የባሰው ግን ፍሬው ነው። ሳይካሲን የሚባለው ንጥረ ነገር አንጀት ውስጥ ሲገባ ባክቴሪያዎች ይሰባብሩትና ጉበትን የሚጎዳው ክፍል ይለቀቃል። ሰው ላይ ብዙ ጊዜ የሚታየው በሰዓታት ውስጥ የሚጀምር ኃይለኛ ትውከት ነው፤ አብዛኛው ሰው ይድናል። ውሻ ላይ ግን ይከፋል፤ አንድ ሁለት ፍሬ ሊገድለው ይችላል። ስንቱ ሰው ውሻው ሲሞትበት "ጎረቤት መርዝ አበላብኝ" ብሎ ተቀያይሞ ይሆን?

ቀቅሎ መብላትም መፍትሔ አይደለም። በ1920ዎቹ የጃፓኗ ኦኪናዋ ስትራብ ሰዎች ሳይካስ ለመብላት ተገደዱ። መርዙን በደንብ ሳያወጡ የበሉት ሞቱ። ጊዜውን እስከ ዛሬ "የሳይካስ ሲኦል" ይሉታል። ጓያ በችጋር ዘመን ስንት ሰው እግር እንዳሰረ ለምናውቅ ለእኛ ይህ ታሪክ እንግዳ አይደለም።

እንግዲህ የእኔ አቋም፦ ሳይካስ ይነቀል አልልም። በረኪናም ቤታችን አለ፤ ግን ምን እንደሆነ አውቀን ነው የምናስቀምጠው። ችግኝ የሚሸጥ ሰው "ይሄ ይበላል፣ ይሄ አይበላም" የማለት ግዴታ ሊኖርበት ይገባል ባይ ነኝ። አንድ ወረቀት ሳክሲያው ላይ ቢለጠፍ ምን ይከብዳል? እኛ ሐኪሞችም "ምን በላ?" ካልን በኋላ "ግቢያችሁ ምን ተክል አለ?" ማለት እንልመድ። እኔ ራሴ ከዚያ ሌሊት በፊት ጠይቄ አላውቅም ነበር።

እናንተ ዛሬውኑ ልታደርጉት የምትችሉት፦

- የሳይካሳችሁን አናት እዩ። ፍሬ ካለው ጓንት አድርጋችሁ፣ ዓይናችሁን ከሹል ቅጠሉ ጠብቃችሁ ለቅማችሁ አስወግዱ። ውሻ የሚደርስበት ቦታ አትጣሉት።
- አዲስ ስትተክሉ ከወንዴው ሥር የሚወጣውን ቡቃያ ምረጡ፤ እሱም ወንዴ ስለሚሆን ፍሬ አይኖረውም። ወንዴው አናቱ ላይ እንደ በቆሎ ራስ ቀጥ ያለ ነገር ያወጣል። መርዙ ቅጠሉ ላይም ስላለ ግን ልጅ አያኝከው።
- ዳዴ የሚል ልጅ ወይም ቡችላ ካላችሁ ለጊዜው ዙሪያውን እጠሩት።

ልጅ ከበላ፦ አፉን አጽዱለት፤ ጣት ከታችሁ አታስመልሱት። "ወተት ያረክሰዋል" ብላችሁ ጊዜ አታጥፉ፣ ማርከሻ የለውም። ምልክት እስኪያሳይ ሳትጠብቁ የተክሉን ፎቶ ወይም የተረፈውን ፍሬ ይዛችሁ ወደ ጤና ተቋም ሂዱ። ትውከቱ ቢቆም እንኳ ሐኪሙ የጉበት ምርመራ ይድገም ካለ ቀጠሮውን አትዝለሉ። ለአምቡላንስ 907 ደውሉ።

ስሙን ማወቃችሁ ብቻ ለሐኪሙ ግማሹን ሥራ ይሠራለታል። "ዘንባባ ነው" ብላችሁ እንዳታሳስቱን፤ እኛም አንሳሳት።

ግቢያቸው ሳይካስ ላለ ወዳጆቻችሁ ሼር አድርጉላቸው።