ጋንና ጠጠር በአንድ መሥሪያ ቤት

በአንድ መሥሪያ ቤት የ25 ዓመት ወጣትና የ58 ዓመት አዛውንት ጎን ለጎን ቢቀመጡ አስተማሪው ማን ነው? እኔ መልሱን ያገኘሁት በገዛ ጥፋቴ ነው።

በማስተምርበት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የተማሪዎች ውጤት በሮስተር ላይ በእጅ ይሞላ ነበር። ኮምፒዩተር በመጣ ጊዜ ሥራው ለእኛ ለወጣቶቹ ተሰጠ። እኔም ሥራ ለማቅለል ብዬ የአያት ስም የሚጻፍበትን ዓምድ አስቀረሁት። ሮስተሩን 30 ዓመት የሞሉት መምህር ቀርበው፣ «ልጄ፣ ድምሩ የሚወጣው እንዴት ነው?» ቢሉኝ፣ «ጋሼ፣ ይህማ የሕፃን ሥራ ነው!» አልኋቸው። በማረፊያው ክፍል የነበረው ሁሉ ሳቀ። እርሳቸውም ፈገግ አሉ፤ ከዚያ ቀን ወዲያ ግን አንድም ነገር አልጠየቁኝም።

የመንፈቀ ዓመቱ ውጤት ሊሰጥ ሲል ዝርዝሩን ተመልክተው፣ «ይህ ልጅ በሒሳብ 90 አያመጣም፤ ያኛውም አይወድቅም» አሉ። ብንመረምር የራሳቸውም የአባታቸውም ስም አንድ የሆነ የሁለት ተማሪዎች ውጤት ተለዋውጦ ተገኘ። ለካ የአያት ስም ዓምድ ያለ ምክንያት አልተሠራም ኖሯል! ያንን ምክንያት ቀድሜ ብጠይቃቸው ኖሮ በነገሩኝ ነበር፤ ነገር ግን ጥያቄ የሚያሳፍር ነገር መሆኑን ያሳየሁት እኔው ነኝ።

ርእሰ መምህሩ ማንንም አልገሠጹም። ሥራውን ለሁለታችን በአንድነት ሰጡን። ክፍለ ጊዜ በሌለን ሰዓት፣ ሰው በሌለበት፣ እኔ የኮምፒዩተሩን አሠራር አሳያቸዋለሁ፤ እርሳቸውም ስሕተት ከየት እንደሚመጣ ያስተምሩኛል። የአያት ስምም ወደ ቦታው ተመለሰ።

እንግዲህ እናንተ የሥራ አለቆች፣ አዲሱን ሥራ ለወጣት፣ አሮጌውን ለሽማግሌ ብላችሁ አትክፈሉ። ሁለቱ በሰው ፊት ሳይተፋፈሩ የሚማማሩበትን ጊዜ ስጡ። በአገራችን የጡረታ ዕድሜ 60 ዓመት ነውና ርክክቡ በስንብት ሳምንት አይጀመር፤ በመዝገብ ያልተጻፈ ዕውቀት ከባለቤቱ ጋር ይወጣልና።

እኛም ወጣቶች፣ ለታላቅ ከመቀመጫ መነሣት ብቻ አክብሮት አይምሰለን። ሲጠይቁን በትዕግሥት መመለስ፣ የሠሩትንም ከማፍረሳችን በፊት «ለምን እንዲህ ሆነ?» ብሎ መጠየቅ ከዚያ ይበልጣል።

«ጋን በጠጠር ይደገፋል» ይባላል። እውነት ነው፤ ነገር ግን ጠጠሩም ጋኑን የተሸከመው ብቻውን እንዳይመስለው።