«ሙሽራዋ ልትገባ ስትል ቲቪው ቀጥ ይላል!»

የዛሬው ደብዳቤያችን የመጣው ከወደ ጅግጅጋ ነው። ጸሐፊው የሃያ አራት ዓመት ወጣት ሲሆን «አደራ ስሜን እንዳታወጡት፣ የሰርግ ጉዳይ ስለሆነ ሰፈር ያውቀኛል» ብሎ ለምኖናል። ስም ማውጣት ድሮም የዚህ አምድ ሙያ አይደለምና ይረጋጋ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ታላቅ እህቱ አምና ተድራ ባሏ ዘንድ ሚኒያፖሊስ ሄዳለች። የሰርጓ ቪዲዮ በ4ኬ ተቀርጾ፣ ሁለት ሰዓት የሚፈጅ አንድ ፋይል ሆኖ በሃርድ ዲስክ ለቤተሰቡ ደርሷል። ክብደቱ 54 ጊጋ ባይት! ልጁ ደግሞ ቴክኖሎጂ የሚገባው ነው። አጎቱ የላኩለትን ራስፕቤሪ ፓይ 4 የምትባል የሲጋራ ፓኮ የምታህል ኮምፒውተር ወሰደ፣ ጄሊፊን የተባለውን ነፃ ፕሮግራም ጫነባት፣ ዲስኩን ሰካባትና ቤቱን ሲኒማ ቤት አደረገው።

በስልኩ ሲከፍተው አንድም ቦታ ሳይቆም ይሄዳል። ከቶጎጫሌ በመጣው የሳሎኑ 32 ኢንች ቲቪ ሲከፍቱት ግን በየሁለት ደቂቃው ቀጥ! ትንሿም ኮምፒውተር እንደ ምጣድ ትግላለች። እናቱ ከመግሪብ በኋላ ልጃቸውን ሊያዩ ተቀምጠው፣ ያቺ ክብ ነገር ስትሽከረከር እያዩ «ኧረ ልጄን መቼ ነው የምታስገቧት?» ይላሉ አሉ። ታላቅ ወንድሙ ደግሞ «ከሰርጉ የተረፈ ብር አለ፣ ትልቅ ኮምፒውተር እንግዛበት። ካልሆነ ፋይሉን አሳንሰን ትልቁን እንደምስሰው» ብሏል። እናም ልጁ «ልግዛ ወይስ ልደምስስ?» ይለናል።

ሁለቱንም አታድርግ ወንድሜ!

እስቲ በመጀመሪያ በሽታውን እንወቅ። 54 ጊጋውን በ8000 አባዛና ለሁለት ሰዓቱ 7200 ሴኮንድ አካፍለው፤ 60 ይመጣል። ቪዲዮው በየሴኮንዱ 60 ሜጋ ቢት ይፈልጋል ማለት ነው። ዲስክህ ቀርፋፋ በሚባለው በዩኤስቢ 2 ቢሰካ እንኳ ከዚህ ብዙ እጥፍ ስለሚሰጥ ዲስኩን አትጠርጥር። ስልክህ ላይ ከሠራም ፋይሉ ጤነኛ ነው። ነገሩን ያወጣው ሙቀቱ ነው። ስልኩ ሲያይ የማትግል፣ ቲቪው ሲያይ የምትግል ከሆነ ኮምፒውተሯ የማስተርጎም ሥራ ተጥሎባታል።

ይህን ለጅግጅጋ ሰው ማስረዳት አይከብድም። ሱማልኛ የማይሰማ ሰው በሱማልኛ በሚካሄድ ክርክር ቢቀመጥ አስተርጓሚ ያስፈልገዋል። ቪዲዮህ የተጨመቀው ኤች 265 በሚባለው፣ በ2013 እ.ኤ.አ. በወጣው ዘዴ ሳይሆን አይቀርም። ስልክህ ይሰማዋል። ቲቪህ ግን የሚሰማው የ2003ቱን ኤች 264 ብቻ ነው። ስለዚህ ምስኪኗ ኮምፒውተር በየሴኮንዱ 25 ምስል፣ እያንዳንዱም ከ8 ሚሊዮን በላይ ነጥብ ያለው፣ እየፈታች እንደገና ትጨምቃለች። በምን አቅሟ! ለማረጋገጥ ቪዲዮው በቲቪው እየታየ ሳለ የጄሊፊንን ዳሽቦርድ ክፈት። «ትራንስኮዲንግ» የሚል ካየህ በሽታው ታወቀ ማለት ነው። «ዳይሬክት ፕሌይ» ካለህ ግን ጥፋቱ የዋይፋዩ ነውና ቲቪውን በኬብል ሞክረው። የብዙ ቲቪዎች የኬብል ቀዳዳ ከ100 ሜጋ ቢት አያልፍም፤ ለ60 ግን ይበቃል።

ወንድምህ ሱቅ ሄዶ አዲሱን ፓይ 5 እንዳይገዛ ንገረው። በ2023 እ.ኤ.አ. የወጣው ይህ ሞዴል ፈጣን ነው፣ ነገር ግን ቪዲዮ መልሶ የሚጨምቀው ልዩ ክፍል ጭራሽ ተነስቶለታል። ሻጩ ይህን አይነግርህም!

መድኃኒቱ አንድ ጊዜ ብቻ ማስተርጎም ነው። ደህና ላፕቶፕ ካለው ጓደኛህ ለአንድ ሌሊት ተዋስና ሃንድብሬክ የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም ጫን። ከተዘጋጁት ምርጫዎች ውስጥ «ፋስት 1080ፒ30» የሚለውን ምረጥ፤ ኤች 264 አድርጎ ያወጣልሃል። መጀመሪያ አምስት ደቂቃ ብቻ ቀይረህ በቲቪው ላይ እያት፣ ከተስማማህ ሙሉውን ለሌሊት ተወው። ላፕቶፕ ያልኩህ ያለ ምክንያት አይደለም፤ መብራት ለአፍታ ብልጭ ድርግም ቢል ባትሪው ይይዘዋል። ባትሪ የሌለው ኮምፒውተር ግን እኩለ ሌሊት ላይ መብራት ቢጠፋበት ከዜሮ ያስጀምርሃል። ፋይሉ ወደ 10 ጊጋ ወይም ከዚያ በታች ይወርዳል። እናትህ ልዩነቱን አያዩትም፤ ባለ 32 ኢንች ቲቪ አብዛኛውን ጊዜ ራሱም 4ኬ አይደለም።

ዋናውን ፋይል ግን እንዳትነካው። የተጨመቀ ምስል ተመልሶ አይሰፋም። ነገ ትልቅ ቲቪ ስትገዙ፣ ወይም የእህትህ ልጆች አድገው «የእማዬን ሰርግ አሳዩን» ሲሉ የሚፈለገው እሱ ነው። እንዲያውም ከሰርጉ የተረፈችውን ብር ለሁለተኛ ሃርድ ዲስክ አውላት፤ አንዱ ቅጂ ቀብሪ በያህ ያሉት ዘመዶቻችሁ ቤት ይቀመጥ። «ኢንተርኔት ላይ ጭነነው እንገላገል» የሚል ካለም በ2010 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ በጅግጅጋ፣ በሰኔ 2012 ዓ.ም. ደግሞ በመላ አገሪቱ ኢንተርኔት ተዘግቶ እንደነበር አስታውሰው። የቤት ውስጥ ጄሊፊን ያለ ኢንተርኔት ይሠራል።

አንድ ያላነሳኸው ነገር አለ፤ እኔን ያሳሰበኝ እሱ ነው። በቪዲዮው ውስጥ የሴቶቹ ክፍል አለ አይደል? ሴቶቹ ሂጃባቸውን አውልቀው የጨፈሩት፣ ወንድ እንደማያየው አምነው ነው። የዋይፋያችሁን ቁጥር ደግሞ ግማሹ ሰፈር ሳያውቀው አይቀርም። ፋይሉን ስትቀይር የሴቶቹን ክፍል ለብቻው ቆርጠህ በተለየ ፎልደር አስቀምጥ። ጄሊፊን ውስጥ ለእያንዳንዱ ሰው የራሱን መግቢያና የይለፍ ቃል ስጥ፤ ያንን ፎልደር ለእናትህ መግቢያ ብቻ ክፈት። የሳሎኑ ቲቪ በእናትህ መግቢያ ተከፍቶ ካደረ ግን ይህ ሁሉ ከንቱ ነው፤ ማታ ሲጨርሱ ውጡበት። እንዲያውም መቁረጡን ራሱ አንተ ባትሠራው ይሻላል። ሚኒያፖሊስ ደውልና እህትህን «ማን ይቁረጥልሽ?» ብለህ ጠይቃት።